እጀታውን ከመታገላችሁ በፊት በሩን ክፈቱት

ጥር ላይ ነው። ለንደን ውስጥ ከሌሊት ፈረቃ ደክሞኝ ገባሁና የቤቴን በር ዘጋሁ። ልቆልፈው እጀታውን ወደ ላይ ሳነሳው መሃል ላይ ያዘ። ቁልፉም አልዞር አለ። በትከሻዬ ገፋሁት፣ እጀታውን በሁለት እጄ አነሳሁት፣ በመጨረሻ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። እሰይ አልኩና ተኛሁ። ይህን ትግል ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ደገምኩት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት በሩን ከፍቼ ልወጣ ስል እጀታው እንደታረደ ዶሮ አንገት ተንጠለጠለ።

የጠራሁት ሰው በሩን አየት አደረገና፣ «ይሄ ሙሉ ለሙሉ ከነፍሬሙ ነው የሚቀየረው» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሠፈራችን ውስጥ ብዙ ዓመት በርና መስኮት ሲገጥሙ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። ደወልኩላቸው። አንድ ካቻቢቴና ትንሽ መፍቻ ኪሳቸው ውስጥ ከተው መጡ። በሩን ሳይሆን መጀመሪያ ያዩት ፍሬሙን ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም። «ልጄ፣ በርህ ምንም አልሆነም። ትንሽ ወርዷል። የመቆለፊያውን የማርሽ ሳጥን የገደልካት ግን አንተ ነህ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። እንግሊዝ አገር የምንኖር ሰዎች ይህን በር በየቀኑ እንከፍታለን፣ እንዘጋለን፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ስለማናውቅም ትንሹን ብልሽት ታግለን ትልቅ እናደርገዋለን።

በሩ ዩፒቪሲ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። መስታወቱ ድርብ ነው። በሁለቱ መስታወቶች መሃል አየር ወይም አርጎን የሚባል ጋዝ ታሽጓል፣ ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ። እኛ የምናየው እጀታውንና የቁልፍ ቀዳዳውን ብቻ ነው። ዋናው ዕቃ ያለው በበሩ ጠርዝ ላይ ነው። በሩን ክፈቱና ጠርዙን እዩት። ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ረጅም የብረት ዝርግ ታያላችሁ። በእሱ ላይ መንጠቆዎች፣ ክብ መቀርቀሪያዎች፣ ወይም እንጉዳይ የሚመስሉ ትናንሽ ብረቶች አሉ። እጀታው አጠገብ ደግሞ ዝርጉ ጀርባ የተደበቀች የማርሽ ሳጥን አለች። እጀታውን ወደ ላይ ስታነሱ ያቺ ሳጥን ዘንጎቹን ትገፋለች፣ መንጠቆዎቹም ፍሬሙ ላይ በተገጠሙት ባለ ቀዳዳ ተቀባይ ብረቶች ውስጥ ይገባሉ። ቁልፉ የሚሠራው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው፤ የገባው እንዳይመለስ ያስረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው እጀታውን ወደ ላይ ካነሳ በኋላ በሩ የተቆለፈ ይመስለዋል። አልተቆለፈም። ቁልፉን ካላዞራችሁ ከውስጥ እጀታውን ወደ ታች መጫን ብቻ ይበቃል። ከውጭም የሚንቀሳቀስ እጀታ ካለው ማንም ገፍቶ ይገባል። ሌሊት «እጀታውን አንስቻለሁ» ብሎ መተኛት በሩን ገርበብ አድርጎ ከመተኛት ብዙም አይሻልም።

አሁን ወደ ምርመራው። ጋሼ ያስተማሩኝ አንድ ሙከራ ነው፣ ገንዘብም አያስወጣም። በሩን ክፍት አድርጉት። ክፍት እንዳለ እጀታውን ወደ ላይ አንሱ፣ ቁልፉንም አዙሩ። እንደ ቅቤ ለስላሳ ሆኖ ከሠራ ቁልፉም ሳጥኑም ደህና ናቸው ማለት ነው። ሲዘጋ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ችግሩ በሩና ፍሬሙ አለመገጣጠማቸው ነው። መንጠቆው ቀዳዳውን ስቶታል። በሩ ክፍት ሆኖም ካስቸገረ ግን ጥፋቱ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ሲሊንደሩን፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን ዕቃ፣ አውጡትና (አወጣጡን ከታች እነግራችኋለሁ) እጀታውን ደግማችሁ ሞክሩ። አሁን ከለሰለሰ ሲሊንደሩ ነው። አሁንም ከከበደ ሳጥኗ ናት።

ይህን ሳይሞክር ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ቢመጣ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

በሩ ለምን ይወርዳል? አንደኛ ከባድ ነው። ድርብ መስታወት ቀላል ዕቃ አይደለም፣ ክብደቱ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ጎን ባሉት ማጠፊያዎች ላይ ነው። በዓመታት ውስጥ የእጀታው በኩል ያለው ጎን ትንሽ በትንሽ ወደ ታች ይዘማል። ሁለተኛ ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለጠጣል። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው በር በብርድና በሙቀት መሃል የ30 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር 3 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል። ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ቀለም ያለውና ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው በር ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ እዚህ በሐምሌ ፀሐዩ ሲጠና፣ ከሰዓት በኋላ አልቆለፍ ያለ በር ማታ ሲቀዘቅዝ ራሱ ሊድን ይችላል። በጠዋትና በማታ ደህና፣ ቀን ላይ ብቻ የሚያስቸግር በር ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የእኔ በር ላይ ጋሼ ያሳዩኝን እስካሁን አልረሳውም። ፍሬሙ ላይ ያለው ተቀባይ ብረት የታችኛው ከንፈር ላይ አዲስ የሚያብረቀርቅ ጭረት አለ። ጥፍር የሚያክል። መንጠቆው ቀዳዳው ውስጥ መግባት ሲገባው ለሁለት ሳምንት ያንን ከንፈር ሲደበድብ ነበር። ጭረት የማይታይበት በር ላይ የመንጠቆውን ጫፍ ሊፕስቲክ ወይም ጠመኔ ቀብታችሁ በሩን ገጥማችሁ እጀታውን በቀስታ አንሱት። ቀለሙ ያረፈበት ቦታ በሩ ወደ የት እንደሄደ ይነግራችኋል። የሚስት ሊፕስቲክ ከሆነ አስፈቅዱ።

ከዚያ ማስተካከል ነው። አዳዲሶቹ ማጠፊያዎች አብዛኞቹ ይስተካከላሉ። የፕላስቲክ ክዳናቸውን ስታነሱ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያላቸው ብሎኖች ታገኛላችሁ፤ መፍቻቸው አለን ኪ የሚባለው ነው። አንዱ ብሎን በሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወስዳል። አንዱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በአንዳንዱ ማጠፊያ ላይ ሦስተኛው በሩን ወደ ፍሬሙ ማሸጊያ ጎማ ያስጠጋል ወይም ያርቃል። ምስጢሩ አለመቸኮል ነው። ሩብ ዙር አዙሩ፣ ዝጉ፣ ሞክሩ። አሁንም ሩብ። ከፍታውን ስትነኩ ሁሉም ማጠፊያዎች ላይ እኩል አዙሩ፣ አለበለዚያ ክብደቱ አንዱ ላይ ይወድቃል። በሩን ከታች በሽብልቅ ደገፍ ብታደርጉት ብሎኑ ይቀላችኋል። ዓላማው በበሩና በፍሬሙ መሃል ያለው ክፍተት ዙሪያውን ተመሳሳይ እንዲሆን ነው። ተቀባይ ብረቶቹም ብሎናቸው ላላ ተደርጎ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ይችላሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ማጠፊያውን እላለሁ፤ በሩ ወርዶ ሳለ ቀዳዳውን ተከትሎ ማውረድ፣ ለሚያነክስ ሰው መንገዱን እንደ ማስተካከል ነው።

ማጠፊያው የሚችለውን ያህል ተስተካክሎም በሩ አሁንም ከዘመመ የሚቀር ነገር አለ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። መስታወቱ ራሱ በሩን ይሸከማል። የገጠር አጥር በር ላይ ከታች ከማጠፊያው ጥግ ተነስቶ ወደ ላይ፣ ወደ መቆለፊያው ጥግ የሚሄድ ሰያፍ እንጨት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ እንጨት ባይኖር በሩ ይንጋደዳል። በድርብ መስታወት በር ላይ የዚያን ሰያፍ እንጨት ሥራ የሚሠራው መስታወቱ ነው። በመስታወቱና በራሱ በበሩ የፕላስቲክ ማዕቀፍ መሃል ቀጫጭን የፕላስቲክ ሽብልቆች ይገባሉ፣ አንዱ ከታች በማጠፊያው በኩል፣ ሌላው ከላይ በእጀታው በኩል። መስታወቱ በሰያፍ ተወጥሮ የእጀታውን ጎን ወደ ላይ ያነሳዋል። ሽብልቆቹ ከተንሸራተቱ ወይም ሲገጠም ካልተደረጉ በሩ ይወርዳል። ለማስገባት መስታወቱን የያዘውን የፕላስቲክ ጠርዝ ማውለቅ ያስፈልጋል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፣ መስታወት ቀልድ አያውቅም። ባለሙያውን ስትጠሩ ግን «ሽብልቁን እይልኝ» ማለት ከቻላችሁ፣ ሰውዬው አዲስ በር ሊሸጥላችሁ ከመሞከሩ በፊት ቆም ብሎ ያስባል።

የእጀታ ነገር አጭር ነው። የበሩ እጀታ ወደ ታች ተንጠልጥሎም በሩን የሚቆልፍና የሚከፍት ከሆነ፣ የደከመችው ስፕሪንጓ ናት። ብዙ ጊዜ እጀታውን ብቻ በመቀየር ያልቃል። ተንጠልጥሎ ምንም ካላንቀሳቀሰ ግን፣ እንደ እኔ፣ ሳጥኗ ናት። አዲስ እጀታ ከመግዛታችሁ በፊት ከእጀታው ካሬ ዘንግ መሃል እስከ ቁልፉ ቀዳዳ መሃል ለኩ። ብዙ ጊዜ 92 ሚሊሜትር ነው፣ ግን «ብዙ ጊዜ» ብላችሁ አትግዙ። የሁለቱን ብሎኖች ርቀትም ለኩ። ለሳጥኗ ደግሞ ከብረት ዝርጉ ፊት እስከ ቁልፉ ቀዳዳ መሃል ያለው ርቀት ያስፈልጋል፤ 35 ሚሊሜትር የተለመደ ነው። የሠሪው ስም ወይም ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ዝርጉ ላይ ወይም ሳጥኗ ላይ ታትሟል። ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ ላኩ። ብዙውን ጊዜ ሳጥኗ ብቻዋን ትሸጣለች፣ ሙሉ ዝርጉን መቀየር አያስፈልግም። የእኔ ከአዲሱ በር ዋጋ አንድ አሥረኛ አልሞላችም።

ሳጥኗ በሩ ተዘግቶ ሳለ ከተሰበረች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጋሼም፣ «ዘግተኸው ቢሆን ኖሮ አሁን የምናወራው በመስኮት ነበር» ብለው ስቀውብኛል። ያን ጊዜ አትታገሉ፣ ለቁልፍ ሠሪ ደውሉ። እንግሊዝ ውስጥ ቁልፍ ሠሪ ለመባል የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ ከመምጣቱ በፊት ጠቅላላ ዋጋውን ጠይቁ፣ የመምጫውን ብቻ ሳይሆን። በጽሑፍ ይላክላችሁ።

ሲሊንደሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሌባም ጉዳይ ነው። በእነዚህ በሮች ላይ ያለው ሲሊንደር ዩሮ ሲሊንደር ይባላል። አዲስ አበባም የፒቪሲ ወይም የአሉሚኒየም በር ያላችሁ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያላችሁ ይኸው ዓይነት ነው፤ ከላይ ክብ፣ ከታች ጠባብ ምላስ ያለው። መሃሉ ላይ የማሰሪያ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ሲሊንደሩ እዚያ ቦታ ላይ ቀጭን ነው። ደካማ የሆነውን ዓይነት ሌባ ከውጭ ሰብሮ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይገባል። ከእጀታው ሰሌዳ ወደ ውጭ አልፎ የወጣ ሲሊንደር ደግሞ መያዣ እንደ መስጠት ነው። ከ3 ሚሊሜትር በላይ መውጣት የለበትም። ዛሬ በጣታችሁ ዳስሱት።

ለመቀየር በሩን ክፈቱ። በጠርዙ ላይ፣ በቁልፉ ቀዳዳ ትይዩ ያለውን ረጅም ብሎን ፍቱ። ቁልፉን አስገብታችሁ ትንሽ ብቻ፣ ሰዓት ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ እንደሚሄድ ያህል፣ ወደ አንድ ጎን አዙሩ። መሃሉ ላይ ያለችው ምላስ ከአካሉ ጋር እኩል ስትሆን ሲሊንደሩ ተስቦ ይወጣል። አልወጣ ካለ ቁልፉን ወደ ሌላው ጎን ሞክሩ፣ በመዶሻ አትሂዱ። ከዚያ ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል ወደ ሁለቱም ጫፎች ለየብቻ ለኩ። 40 በ50 ሊሆን ይችላል፣ 35 በ45 ሊሆን ይችላል። የትኛው ቁጥር የውጩ እንደሆነ ጻፉት፣ እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ ሁለት ጊዜ ሱቅ ሄጃለሁ። ስትገዙ ቲኤስ 007 የሚለውን የእንግሊዝ መለኪያና ኮከቦቹን እዩ። ባለ ሦስት ኮከብ ሲሊንደር ብቻውን ይበቃል። ባለ አንድ ኮከብ ሲሊንደር ከሆነ ባለ ሁለት ኮከብ እጀታ ይፈልጋል። ልጆች ወይም አረጋውያን ያሉበት ቤት ከሆነ ከውስጥ በጣት የሚዞረውን ዓይነት ብትወስዱ በእሳት ጊዜ ቁልፍ ፍለጋ አትሯሯጡም። እጅ በፖስታ ቀዳዳ ወይም በተሰበረ መስታወት ገብቶ የሚደርስበት በር ከሆነ ግን ሁለቴ አስቡ።

መስኮት ላይ እጀታው ሲላቀቅ መጀመሪያ ብሎኖቹን አጥብቁ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ያልቃል። እጀታው እየዞረ መስኮቱ ካልተከፈተ ግን ጥፋቱ ውስጥ ያለው ዘንግ ወይም ማርሽ ነው። አዲስ እጀታ ስትገዙ ከጀርባው የወጣችውን ካሬ ዘንግ ርዝመት ለኩ። ለመስኮት ውፍረቷ አብዛኛውን ጊዜ 7 ሚሊሜትር ነው፣ ለበር 8። እጀታው ቀጥ ያለ ይሁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የታጠፈ ይሁን እዩ።

የመስኮት ማጠፊያ ከበር ማጠፊያ ይለያል። ከላይና ከታች፣ ወይም ከግራና ከቀኝ፣ ሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ብረት ነው። መስኮቱን በፈለጋችሁት ቦታ ላይ የሚያቆመው በሐዲዱ ላይ ያለው ሰበቃ ነው። ሲያረጅ ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ነፋስ ሲመጣ መስኮቱ ራሱ ይዘጋል ወይም ይበረገዳል፤ አንዱ ጥግ ወርዶ ፍሬሙን ይነካል፤ ወይም ተዘግቶም በአንድ ጥግ ነፋስ ይገባል። አንዳንዱ ላይ ሰበቃውን የምታጠብቅ ትንሽ ብሎን አለች፣ እሷን ሞክሩ። ካልሆነ ማጠፊያው ይቀየራል፣ ሁልጊዜ ጥንዱን። በሐዲዱ ርዝመት ይለካሉ፣ በኢንች፤ 12 እና 16 የተለመዱ ናቸው። ማጠፊያው ሲታጠፍ ያለው ውፍረትም፣ 13 ወይም 17 ሚሊሜትር፣ መመሳሰል አለበት። ፎቅ ላይ ከሆነ ብቻችሁን አትንኩት። ብሎኑ ሲወጣ መስኮቱ እጃችሁ ላይ ነው የሚቀረው፣ ከታች ደግሞ ሰው ያልፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በአንዳንድ መኝታ ቤት ያለው መስኮት የእሳት ማምለጫ ነው። ማጠፊያው መስኮቱን እስከ 90 ዲግሪ እንዲከፈት አድርጎ የተሠራ ነው። በእንግሊዝ የግንባታ ደንብ መመሪያ መሠረት የማምለጫ መስኮት ክፍት ቦታ ቢያንስ 0.33 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱም ወርዱም ቢያንስ 450 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ርካሹን ተራ ማጠፊያ ስትገጥሙለት መስኮቱ ደህና ይከፈታል፣ ሰው ግን አያሳልፍም።

በሁለቱ መስታወቶች መሃል ጭጋግ ከገባ ማሸጊያው ተበላሽቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚቀየረው መስታወቱ ብቻ ነው፣ ፍሬሙ በቦታው ይቀራል።

ዘይት ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ለመንጠቆዎቹና ለዘንጎቹ ቀላል የማሽን ዘይት፣ ለጎማዎቹ ሲሊኮን። የቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ግን ወጥ ቤት ያለውን ዘይት አትጨምሩ፤ አቧራ ሰብስቦ እንደ ጭቃ ይሆናል። ለእሱ ግራፋይት ወይም ደረቅ ቅባት አለ።

ተከራይ ከሆናችሁ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ለአከራያችሁ ጻፉ። በእንግሊዝ በ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 መሠረት የተለመደው የአጭር ጊዜ ኪራይ ውስጥ የቤቱን የውጭ ክፍል የሚጠግነው አከራዩ ነው፣ የውጭ በርና መስኮትም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። በስልክ አትናገሩ፣ በኢሜይል ጻፉ፣ ፎቶም አያይዙ። አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ወደ ኮሪደሩ የሚከፈተው የመግቢያ በራችሁ የእሳት መከላከያ በር ሊሆን ይችላል። እሱን በራሳችሁ አትብሱት፣ ማጠፊያውንም አትቀይሩ።

ጋሼ ሳጥኗን ቀይረው፣ ማጠፊያውን ሁለት ሩብ ዙር አዙረው ጨረሱ። «በል ና ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት፣ ከልማድ እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩት። እጄን ገፍተው አንድ ጣታቸውን ከእጀታው ስር አድርገው አነሱት። ምንም ድምፅ አልሰማሁም።